በሁለቱ ሌንሶች መካከል

ዮፍታሄ ዝርዝሩን የሚጽፈው በእርሳስ ነበር። አሥራ ሰባት ነጥብ አለው። ከሁሉ በፊት ዓይን፣ ቀጥሎ ጥርስ፣ ቀጥሎ ጣት። ከዚያ ብርዱን የሚመለከተው ይመጣል፤ ላብ የማይዝ የውስጥ ልብስ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ፣ ባትሪ በደረት ኪስ። ባትሪ ብርድ አይወድም፤ ሰውነት ላይ ተለጥፎ ካልዋለ ጨዋታው ሳይጋመስ ይሞታል። «ላስ ቬጋስ ምን ብርድ አለ» ብሎ በቲሸርት የመጣውን ልጅ ዓምና ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪና ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዝርዝሩ የሚስቅ ጥቂት ሆነ።

ኤርሶፍት የሚሉት ጨዋታ እውነተኛ በሚመስል ጠመንጃ አተር የምታህል የፕላስቲክ ጥይት መተኳኮስ ነው። ጥይቷ ልብስ ላይ ስታርፍ ቆንጥጣ ትወድቃለች፣ ጉንጭ ላይ ቀይ ምልክት ትተዋለች። ዓይን ላይ ግን ሌላ ናት። ማን እንደተመታ የሚቆጥር ዳኛ የለም። የተመታ ሰው ራሱ «ሂት»፣ ተመታሁ፣ ይላል፣ ቀይ ጨርቁን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ ከሜዳ ይወጣል። እስኪል ድረስ ይተኮስበታል። ጨዋታው የቆመው በዚች አንዲት ቃል ነው።

ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ ሊውል፣ ይህችን ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ዮፍታሄ ከአንድ ትልቅ ካዚኖ ጣራ በላይ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስክሪን ፊት ተቀምጦ የሰው እጅ ሲያይ ኖሯል። ካርድ የምትደብቅ ጣት ከመደበቋ በፊት ምን እንደምትመስል ያውቃል። ኮሮና ገብቶ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ወደ ቤትህ ሂድ ተባለ፤ ሲከፈቱ ግን የጠራው የለም። ታኅሣሥ ላይ በተደረገው ጨዋታ ሊውልን ሁለት ጊዜ መታው፤ ሊውል እንዳልሰማ ሆኖ ሮጠ። ዮፍታሄ የራስ ቁሩ ላይ የምትታሰር ትንሽ ካሜራ ነበረችውና ቪድዮውን በሁሉ ፊት ከፍቶ አሳየ። ጥይቷ ጃኬቱ ላይ ስታርፍ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ሊውል አየና «ካዚኖው ለምን እንዳልጠራህ አሁን ገባኝ» አለ። «አንተ ሰው ሲጫወት ታያለህ እንጂ መጫወት አትችልም፣ ብሮ።»

አሥራ ሁለት ሰው ሳቀ። ዮፍታሄም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ካሜራ» ሆነ፤ እሱም አንድ ነገር ብቻ መፈለግ ጀመረ። ሊውል ሰው ሁሉ እየሰማው አንድ ጊዜ «ሂት» እንዲል።

የጥር ወር ጨዋታ ጥምቀት በዋለ በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነበር። ዮፍታሄ ሊውልን ሊወስድ ጠዋት ማውንተንስ ኤጅ ወደሚገኘው ቤታቸው ሄደ። ጋራዡ ተከፍቶ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ሊውል ጫማውን ያስራል። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ። ለአብራሪነት ትምህርት ተቀብለውታል፤ የቀረው የሐኪም ምርመራ ብቻ ነው፣ ዋናውም የዓይን። ቀኑ ከአሥር ቀን በኋላ ተቆርጧል።

እናቱ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን ጃኬት ላይ ደርበው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ከቤት ወጡ። በእጃቸው ትንሽ የውሃ ጠርሙስ ይዘዋል። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ የደረሱ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የሆቴል ክፍል አጽድተው አሁን የጽዳት ሱፐርቫይዘር ሆነዋል።

«ዮፍታሄ፣ ልጄ፣ ደኅና አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ። እርስዎ እንዴት አደሩ?»

«ምን አድራለሁ ብለህ። ሐኪሞቹ ዓይኑን ሊያዩለት አሥር ቀን ቀርቶት ጦር ሜዳ ይሄዳል።»

«ማሚ፣ ፕላስቲክ ነው» አለ ሊውል ቀና ሳይል። «ቺል አድርጊ።»

«ሰማኸው? የሰው አልጋ ሳነጥፍ ያረጀሁትን ሴትዮ ቺል አድርጊ ይለኛል።» የጠርሙሱን ክዳን ፈቱ። የማክሰኞው ጸበል ነው። ዘንድሮ ምእመኑ ተራርቆ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሞ ነበር የተረጨው፤ እሳቸው ለልጃቸው ብለው ሞልተው አምጥተዋል። ጓንቱን ረጩ፣ ጃኬቱን ረጩ። ከዚያ ዓይን የሚከልለውን መነጽር፣ ጎግሉን፣ አነሡ።

ጎግሉ ጥሩ ጎግል ነበር። እንዳይደነግዝ ተብሎ ሁለት ሌንስ ተደርቦ የተሠራ ነው፤ በሁለቱ መካከል ደረቅ አየር ብቻ አለ፣ ዙሪያው በጎማ ታሽጓል። ሊውል ግን በጋ ላይ አቧራ ገባበት ብሎ በቢላ ጫፍ ፈልቅቆት ስለነበር ማሸጊያው ከላይ በኩል አፉን ከፍቷል። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ይህን አያውቁም። ጎግሉን እንደ ሳህን ገልብጠው ያዙት፣ «በስመ አብ» አሉ፣ መዳፋቸውን ሞልተው እውስጡ አፈሰሱበት። «ዓይኑን ጠብቅልኝ» አሉ፣ ደገሙት።

ዮፍታሄ አየ። ውሃው በስፖንጁ ጠርዝ ዞረ፣ የተከፈተችውን ቀዳዳ አገኘ፤ ሦስት ጠብታ ተከታትለው በሁለቱ ሌንሶች መካከል ገቡና ታች ድረስ ተንሸራተቱ።

አፉን ከፈተ። ምን ይበል? እትዬ፣ ለልጅዎ ዓይን ያፈሰሱትን ጸበል ይጥረጉልኝ ይበላቸው? ነገሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፓራዳይዝ በሚባለው ሰፈር የምትኖረው እናቱ ጆሮ ይደርሳል። አፉን ዘጋ። ይህ የመጀመሪያው ዝምታ ነው፤ በዚህኛው ማንም አይፈርድበትም።

«እኔ የማምነው አንተን ነው» አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ጎግሉን በእጁ እያስያዙት። «እሱማ ልጅ ነው። ዓይኑን ላንተ ሰጥቻለሁ።»

«አይዞዎት፣ እትዬ። ሜዳ ላይ ቼክ አደርገዋለሁ።»

ሜዳው ከከተማው በስተደቡብ የሚገኝ የተተወ የጠጠር ካባ ነበር፤ ልጆቹ ከባለቤቱ ለቀኑ ተከራይተውታል። ሊውል መኪና ውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተና ጎግሉን እንዲደርቅለት የሞቀው አየር ከሚወጣበት ላይ አስቀመጠ።

«ዛሬም እየቀረጽክ ነው፣ ካሜራ?»

«ሁልጊዜ።»

«ማንም አያየውም እኮ። እናትህ ራሷ ቻናልህን ሰብስክራይብ አላደረገችም።»

ዮፍታሄ መንገዱን እያየ ፈገግ አለ። በዓይኑ ጠርዝ ጠብታዎቹን ይከታተላል። መጀመሪያ ሦስት ነበሩ፣ ከዚያ ሁለት፣ ካባው ሲደርሱ አንድም አልቀረም። ሊውል ጎግሉን አንሥቶ ወደ ብርሃን አየና «ክሊን» አለ። ዮፍታሄ ግን ውሃው የትም እንዳልሄደ ያውቃል። ሞቆ ተን ሆኗል፤ ብርድ እስኪነካው እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል።

ካባው ላይ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ፋራናይት ነበር፣ ንፋሱ ደግሞ ከዚያ በታች ያደርሰዋል። ዮፍታሄ መኪናዎቹ አጠገብ ቆሞ አንድ በአንድ ተቀበላቸው። የጥይቱን ፍጥነት በመለኪያ ለካ፣ አፈሙዙ መሸፈኑን አየ፣ ጓንት አስወልቆ ጣት ነካ፣ ካልሲ ቆጠረ።

ስጦታ የመጀመሪያ ርዳታ ቦርሳዋን አዝላ አጠገቡ ቆማለች። የነርስ ተማሪ ናት፤ ከልጆቹ ሁሉ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው የምታነብ እሷ ብቻ ነች።

«ባትሪህስ?» አለችው ለቀልድ።

ደረቱን መታ አደረገ። «ሦስት አለኝ። እንደ ጫጩት አቅፌያቸዋለሁ።»

የሊውል ተራ ደረሰ። ዮፍታሄ ጎግሉን ተቀብሎ ወደ ሰማይ አነሣው። በግራ በኩል፣ ታች ጥጉ ላይ፣ የወተት ስልባቦት የመሰለች ስስ ነገር ነበረች። አውራ ጣቱን በውጭ በኩል አዞረባት፤ አልጠፋችም። በውስጥ በኩል አዞረባት፤ አልጠፋችም። እንግዲህ መካከል ነች። ፀሐይ ስላለ አሁን ጥፍር ታህላለች። ሊውል አፍንጫውን በማስክ ሸፍኖ ሲሮጥ፣ ትንፋሹ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ንፋሱ ከውጭ ሲያቀዘቅዘው፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሙሉውን ትሸፍነዋለች።

የዮፍታሄ ቦርሳ እግሩ ሥር ነበር። በውስጡ አዲስ መለዋወጫ ጎግል፣ ከነላስቲኩ። በዝርዝሩ የመጀመሪያ ነጥብ ሥር የተጻፈ ነው።

«ምንድነው?» አለ ሊውል። «ካዚኖ መሰለህ እንዴ? ካርድ አልደበቅሁበትም።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ።

ዮፍታሄ የሊውል ዓይን እንዲጠፋ አልፈለገም። ይህን ለራሱ ደጋግሞ ብሎታል፤ እውነትም ነው። የፈለገው ሩብ ሰዓት ነበር። ሊውል ለሩብ ሰዓት ያህል ከየት እንደሚመታ ሳያይ፣ ከግራም ከቀኝም ሲቆነጠጥ፣ በመጨረሻ ሲለምን። «ሂት፣ ሂት፣ በቃችሁ» ሲል።

«ምንም» አለ። ጎግሉን መለሰለት። በእርሳሱ ከስሙ አጠገብ ምልክት አደረገ።

ከዚያ ሁሉንም ሰብስቦ እንደ ልማዱ ደንቡን አሰማ። ድምፁ እንደ ሌላው ቀን ነበር። «ጎግል ሜዳ ውስጥ አይነሣም። ከደነገዘባችሁ ተንበርከኩ፣ እጃችሁን አንሡ፣ ጥሩኝ። ጨዋታውን አስቆማለሁ።»

«ላንተ ልንበረከክ?» አለ ሊውል። «ዓይኔን ጨፍኜ ብጫወት ይሻለኛል።»

ሳቅ ሆነ። ስጦታ ብቻ አልሳቀችም፣ ጓንቷን እያጠለቀች ነበር።

ሊውል ለሌላኛው ቡድን ደረሰ። ዮፍታሄ አሮጌ ድንጋይ መፍጫ ከቆመበት ሲሚንቶ ጀርባ ገብቶ ተቀመጠ። መጠበቅ ሥራው ነበር። ሌሎቹ ይሮጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ «ሂት» ይላሉ፣ ቀይ ጨርቅ አናታቸው ላይ ጥለው ይወጣሉ። እሱ አንድ ሰው ብቻ ይጠብቃል።

በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ሊውል ከጠጠሩ ቁልል ጀርባ ወጣ። አካሄዱ የሰካራም ነበር። አንድ እጁ ጠመንጃ ይዟል፣ ሌላው አየር ይዳስሳል። ቆመና ሌንሱን በጓንቱ ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ። ከሃያ ሁለት እርምጃ ርቀት የዮፍታሄ ዓይን ሌንሱ ነጭ መሆኑን ለየ፣ ልክ እንደ በሰለ እንቁላል።

መንበርከክ ነበረበት። እጅ ማንሣት ነበረበት። ዮፍታሄ ይህን እንዲያደርግ ሙሉ አንድ ደቂቃ ጠበቀው፤ አላደረገም። ጀርባውን ሲያዞር የመጀመሪያዋን ተኮሰ።

ትከሻው ላይ አረፈች። ጨርቁ ስርጉድ ሲል ታየ። ሊውል ዝም። ሁለተኛዋ ደረቱንና ጀርባውን ከሚጠብቀው ፕላስቲክ ላይ አርፋ «ጠቅ» ስትል ተሰማች።

«ንፋስ ነው» አለ ሊውል ጮክ ብሎ፣ የት እንዳለ ለማያውቀው ሰው።

ሦስተኛዋ ዳሌው ላይ አረፈች። ዮፍታሄ ቃሉን ጠበቀ። ሊውል አልተናገረም። በዚያ ፈንታ ዞረ፤ አውራ ጣቱን ከጎግሉ ላስቲክ ሥር አስገባና ወደ ግንባሩ ገፋው። ሁለት ዓይን ታየ፣ በፀሐይ ጥብብ ያለ፣ የመታውን የሚፈልግ።

አራተኛዋ ወጣች።

ሊውል አልጮኸም። በቂጡ ቁጭ አለ፣ ጠመንጃውን ጎኑ ላይ አስተካክሎ እንደሚያስቀምጥ ሰው አስቀመጠ፣ ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።

«ሂት» አለ።

በቀስታ ነበር ያለው። ከዮፍታሄ በቀር የሰማው አልነበረም።

ሆስፒታሉ በኮሮና ምክንያት ከአንድ ዘመድ በላይ አያስገባም ነበር። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ገቡ። ዮፍታሄና ስጦታ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በየመኪናቸው በር ተደግፈው ቀሩ። ሜዳ ላይ የሊውልን ዓይን በወረቀት ኩባያ ሸፍና፣ ሳትጫነው በፕላስተር አስራ፣ ጭንቅላቱን ቀና አድርጋ ይዛ ያመጣችው እሷ ነች። እጅጌዋ ላይ አሁንም አቧራ አለ።

እሷ ቡና ልትገዛ ሄዳ ሳለ ዮፍታሄ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቪድዮውን በስልኩ አይቶ ነበር። እንደ ሥራው አየው፣ እያቆመ፣ እየመለሰ። አውራ ጣቱ በሌንሱ ላይ ሁለት ጊዜ ሲዞር አለ፤ ዘጠኝ ሰከንድ። የእርሳሱ ምልክት አለ። ከዚያ ጎግሉ ከዓይን ላይ ሲነሣ። ከተነሣበት አራተኛዋ እስከወጣችበት አንድ ሰከንድ ተኩል ነው። ያየ ሰው ጣቱን ለማቆም የአንድ ሰከንድ ሩብ ይበቃዋል። በዚያ መስኮት አልባ ክፍል ይህን ለአዲስ ሠራተኞች ያስተምር የነበረው ራሱ ነው። ሦስት ጊዜ አየው፤ ከዚያ ከስልኩም ከካሜራውም አጠፋው።

«ካሜራው በርቶ ነበር?» አለች ስጦታ።

«ባትሪው ሞተብኝ። በብርዱ።»

ቀስ ብላ ዞራ አየችው። ዓይኗ ከፊቱ ወደ ደረት ኪሱ ወረደ፣ ጥቂት ቆየ፣ ተመለሰ። ቡናዋን አስፋልቱ ላይ ደፋችና መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ሲወጡ ነጠላቸው ከአንድ ወገን እየተጎተተ ነበር። ዮፍታሄ ሮጦ አነሣላቸው።

«እንዴት ሆነ፣ እትዬ?»

«ውስጡ ደም ሞልቷል። ከኋላ በኩልም ተቀዷል ይላሉ። ብርሃን ያይ ይሆናል አለኝ ሐኪሙ። ብርሃን ብቻ።» እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። «አብራሪነቱን ጠየቅሁት። ትልቅ ሰው ነው፣ ዝም ብሎ አየኝ።»

ዮፍታሄ ክንዳቸውን ያዘ።

«ሊውል ምንም አልታየኝም ነው የሚለው። ነጭ ሆነብኝ ይላል። ውስጡ ነበር፣ ብጠርገው ብጠርገው አልለቅ አለኝ ይላል።» ቀና ብለው አዩት። «አንተ አዋቂ ነህ። ነገር አይተህ ታውቃለህ። እውነቱን ንገረኝ፤ እኔ ያፈሰስኩት ውሃ ነው?»

መልሱ ሁለት ነበር። አንዱ ረጅም ነው፣ አውራ ጣትም፣ እርሳስም፣ ቦርሳም፣ ሰከንድም አለበት። ሌላው አጭር ነው፣ ውሸትም የለበትም።

«አዎ፣ እትዬ» አለ ዮፍታሄ። «ውሃው መካከሉ ገብቶ ነበር።»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ አላለቀሱም። ራሳቸውን ሁለት ጊዜ ነቀነቁ፣ የተሰጣቸውን ዕቃ ቆጥሮ እንደሚረከብ ሰው። ከቦርሳቸው ጠርሙሱን አወጡ። ግማሹ ቀርቷል።

«ሰው የማይረግጠው ቦታ አፍስስልኝ። እኔ ከእንግዲህ አልነካውም፣ እጄ እንዲህ ከሆነ።» ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው አስያዙት። «አንተማ አደራህን ተወጥተሃል። የኔን ጥፋት ማን ቼክ ያደርገዋል?»

በመኪና ማቆሚያው ዳርቻ፣ ከሽቦ አጥሩ ሥር፣ አንድ የደረቀ ቁጥቋጦ ነበረ። ዮፍታሄ እግር እንደማይደርስበት ግራ ቀኝ አይቶ አረጋገጠ፣ ተንበረከከ፣ ውሃውን ከሥሩ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ጠርሙሱን ዘቅዝቆ ያዘ። ከዚያ ክዳኑን መለሰለት። መኪናው ውስጥ ሲገባ ቦርሳው የኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ አዲሱ ጎግል ከነላስቲኩ አፉ ላይ ይታያል። ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ዚፑን ዘጋ።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ዝርዝሩን አወጣ። በእርሳስ አሥራ ስምንተኛ ነጥብ ጨመረበት። «በድርብ ሌንስ መካከል ርጥበት አለመኖሩን ማረጋገጥ። ካለ፣ ጎግሉ ከጨዋታ ይወጣል።» ፎቶ አነሣና ልጆቹ ሁሉ ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው።

ወዲያው የልብ ምልክት ይዘንብ ጀመር። «አንተ ባትኖር ምን እንሆን ነበር» አለ አንዱ። «ሰው አይሰማህም እንጂ» አለ ሌላው።

ቆይቶ ከሊውል የድምፅ መልእክት መጣ። ተኝቶ እንደሚናገር ሰው ድምፁ ወፍሯል። «ካሜራ፣ ሶሪ ብሮ። ተንበርከክ አልከኝ። አልሰማሁህም። የኔ ጥፋት ነው፣ ኦኬ? ማሚን እንዲህ በላት፣ እኔን አታምነኝም።»

ዮፍታሄ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከሥሩ የልብ ምልክት አደረገበት። ምን ብሎ እንደሚመልስ ሲያስብ ስክሪኑ ላይ አንዲት ግራጫ መስመር ብቅ አለች፤ ስጦታ ከግሩፑ ወጥታለች።